ጠመንጃው ይመዘገባል፤ ሞረድ የያዘው እጅስ?

ሽጉጥ ስሙን ያገኘው ከመሸጎጥ ነው። ጠመንጃ ትከሻ ላይ ይነገታል፤ ሠርግ ላይ ይታያል፤ ለቅሶ ላይ ይወጣል። ሽጉጥ ግን ከጋቢ ሥር ወገብ ላይ ተሸጉጦ ይውላል። በቢቸናና በሞጣ አካባቢ፣ ስሟን ከገበያ ቀኗ በወሰደችው ሮብ ገበያም ሆነ በሌላ የገጠር ገበያ፣ ከሽጉጡም በላይ ተሸሽጎ የሚኖር ነገር አለ። እርሱም ሽጉጡን የሚጠግነው፣ የላላውን የሚያጠብቀው፣ የሚያዳልጠውን እጀታ በሞረድ የሚያሻክረው ሰው እጅ ነው።

ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል። አንድ ሰው የገዛ ሽጉጡን እጀታ ቤቱ ተቀምጦ በሞረድ ቢጭረው ማንን ይጎዳል? ጌጥ ነው፤ ቢበዛ መያዣ ማመቻቸት ነው። ነገር ግን በዚያች ትንሽ ጭረት ውስጥ የጦር መሣሪያ ሕጉ ያላየው፣ ኅብረተሰቡም ሊያየው ያልፈለገው ትልቅ ጉዳይ አለ። መንግሥት መሣሪያውን ሊቆጥር ይጥራል፤ መሣሪያውን የሚነካውን እጅ ግን አልቆጠረም። ያልተቆጠረ እጅ ደግሞ የሚሠራው በጨለማ ነው።

▪️ ሥራው ምንድን ነው?

ለስላሳ እጀታ በላብ፣ በዝናብ ወይም በቅባት ጊዜ ከመዳፍ ያመልጣል። ባለሙያ ይህን የሚከላከለው እጀታውን በማሻከር ነው። በሞረድ ወይም በስለታም መፈልፈያ በአንድ አቅጣጫ ትይዩ መስመሮች ይስባል፤ ከዚያ በሌላ አቅጣጫ አሻግሮ ይደግማቸዋል። መስመሮቹ ሲሻገሩ በመካከላቸው ሹል ሹል የሆኑ ትንንሽ ጥርሶች ይቀራሉ። መዳፍን ቆንጥጠው የሚይዙት እነዚህ ጥርሶች ናቸው። በሙያው የተካኑ የውጭ ሀገር ጠመንጃ ሠሪዎች ብረት ላይ በአንድ ኢንች ውስጥ ከ20 እስከ 30 መስመር ይስባሉ። በአንዱ መስመርና በሌላው መካከል ያለው ርቀት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው ማለት ነው። አንዱ መስመር ከተጣመመ ተከታዮቹ ሁሉ ተከትለውት ይጣመማሉ። ትዕግሥትና የጸና እጅ የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ሥራው ቀላል ወይም ከባድ የሚሆነው ደግሞ እንደ ሽጉጡ አሠራር ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 የሶቪየት ሠራዊት የተቀበለው ማካሮቭ አካሉ ብረት ነው፤ እጀታው ግን በአንዲት ብሎን የታሰረ ፕላስቲክ ነው። ያ እጀታ በመጥፎ ሞረድ ቢበላሽ በካቻቢቴ ተፈትቶ በሌላ ይተካል፤ የሽጉጡ አካል አልተነካም። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ ዓለምን ያጥለቀለቁት የእነ ግሎክ ዓይነት ሽጉጦች ግን ሌላ ናቸው። በእነርሱ እጀታውና ፍሬሙ አንድ ወጥ ፕላስቲክ ነው። እጀታውን የሞረደ ሰው የሽጉጡን አካል ሞረደ ማለት ነው። ጭረቱ ከጠለቀ ግድግዳው ይሳሳል፤ የሳሳው ደግሞ መልሶ አይወፍርም። በግሎክ ላይ የመለያ ቁጥሩ የተቀረጸባት ትንሽ የብረት ሳህንም ያለችው እዚያው ፕላስቲክ ውስጥ፣ ከአፈሙዙ በታች ተቀብራ ነው። ሞረዱ ወይም የጋለው ብረት ከእጀታው አልፎ እዚያ ከደረሰ፣ ጌጥ የተጀመረው ሥራ መለያ በማጥፋት ያልቃል።

የጭረት ነገር የግል ጣጣ ብቻ መሆኑ የሚያበቃው እዚህ ላይ ነው።

▪️ የሠሪው ስም

ጎጃም ውስጥ የጠመንጃ ስም የማያውቅ አዋቂ የለም። ውጅግራ፣ ለበን፣ ምንሽር፣ ቤልጅግ፣ ክላሽ። ስሞቹ ከፉከራና ከቀረርቶ ጋር ተዋሕደው የሀገር ልጅ ስም መስለዋል። ይሁን እንጂ ውጅግራ የመጣው ከፈረንሳዊው መኮንን ከባዚል ግራ ስም ነው፤ ለበን ከኒኮላ ሌበል፣ ምንሽር ከኦስትሪያዊው ከፈርዲናንድ ማንሊከር። ቤልጅግ የሀገሩን ስም ይዞ መጣ። ክላሽ ካላሽኒኮቭ ነው፤ ማካሮቭም ሽጉጥ ብቻ ሳይሆን የሰው ስም ነው።

የምሥራቅ ጎጃም ገበሬ በፉከራው የፈረንሳይና የኦስትሪያ ጠመንጃ ሠሪዎችን ሲያነሣ ኖሯል። የእነዚያን ጠመንጃዎች የተሰበረ ሰደፍ በወይራ እንጨት የተካው፣ የላላውን ቀለበት ያጠበቀው፣ በጠፍር የጠፈረው፣ በነሐስ ያስጌጠው የአካባቢው ሰው ስም ግን የት ተጻፈ? ከቢቸና ወገን የተነሡት ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር ሲዋጉ ለአርበኛው መሣሪያ መለዋወጫ የሚልክ ፋብሪካ አልነበረም። መሣሪያ ከጠላት ይማረካል፤ የተሰበረው ደግሞ እዚያው ባለው እጅ ይጠገናል። የአርበኛው ስም በክብር ሲነሣ የቀጥቃጩ ስም አብሮ አይነሣም።

አለመነሣቱ ድንገት የመጣ አይደለም። በአማርኛ ባለ እጅ የሚለው ቃል መመስገኛ መሆን ሲገባው ለዘመናት መሰደቢያ ሆኖ ቆይቷል። ቀጥቃጩ ማረሻውን፣ ማጭዱንና መጥረቢያውን ሠርቶ ለገበሬው ይሰጣል፤ ገበሬው ደግሞ በዓይኑ ይበላል ብሎ ልጁን ከእርሱ ይሸሽጋል። ጋብቻ የለም፤ አብሮ መብላት የለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብ ንጉሡን እንደ መስደብ እንደሚቆጠር በአዋጅ እስከ ማሳወቅ ደርሰው ነበር። ከእርሳቸው በፊት ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ የእጅ ሥራን የመንግሥት ጉዳይ አድርገውት ነበር። ሴባስቶፖል መድፍ እዚያ ተሠርቶ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ወጥቷል። ሁለቱም ነገሥታት የተረዱት አንድ ነገር ነው፤ መሣሪያ እያከበሩ ሠሪውን መናቅ ሀገርን ያራቁታል።

ዛሬ ስድቡ በየቦታው እየቀነሰ ይሆናል። የተተካው ግን በዝምታ ነው። የሽጉጥ እጀታ የሚያሻክር ልጅ ሙያው ምን እንደሆነ ቢጠየቅ እንጨት ሠሪ ነኝ ይላል። ጎረቤት ያውቃል፤ ደንበኛም ያውቃል፤ መዝገብ ግን አያውቅም።

▪️ ሕጉ ምን ያያል?

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ሲጠበቅ የነበረ ሕግ ነው። ከዚያ በፊት የጦር መሣሪያ ጉዳይ በወንጀል ሕጉ አንቀጾችና በቆዩ ደንቦች ተበታትኖ ነበር። አዋጁ መያዝን ብቻ ሳይሆን ማምረትን፣ መነገድን፣ ማስተላለፍንና መጠገንንም ከፈቃድ ጋር አስሯል። መሣሪያ መያዝ ልማድ በሆነባቸው አካባቢዎች ያለውን እውነታም ከግምት አስገብቷል። እስከዚህ ድረስ ተገቢ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከወረቀቱ ወደ ገበያው ሲወረድ ነው። መጠገን የሚለው አንድ ቃል በጣም የተራራቁ ሥራዎችን አንድ ላይ ይሸከማል። የተሰነጠቀ ሰደፍ በወይራ የሚተካ አናጢ አለ። የማካሮቭ እጀታ ፈትቶ የሚያሻክር ወጣት አለ። የቃታ ምላስ ሞርዶ ሽጉጡ በትንሽ ንክኪ እንዲተኩስ የሚያደርግ ሰው አለ። ድምፅ ብቻ እንዲያሰማ የተሠራን ሽጉጥ በርብሮ ጥይት እንዲተኩስ የሚለውጥም አለ። ፖሊስ በየጊዜው ያዝኩ ከሚላቸው መሣሪያዎች መካከል በሕገ ወጥ መንገድ የገቡ ቱርክ ሠራሽ ሽጉጦች እየተደጋገሙ እንደሚነሱ የዜና ተከታታይ ሁሉ ያውቃል፤ የዚህን የመጨረሻውን ሰው አደገኛነት የሚያጎላውም ይኸው ንግድ ነው።

አናጢውና ለዋጩ በአንድ ዓይን ሲታዩ ምን ይሆናል? አናጢው እንደ ለዋጩ ይደበቃል። ሁለቱም በአንድ ጨለማ ውስጥ ሲገቡ ደግሞ ጨለማው የሚጠቅመው ለለዋጩ ነው። እጀታ ለማሻከር የሄደ ደንበኛ ቃታውንም ካላለዘብክልኝ ሲል፣ ሥራው አስቀድሞ የተደበቀ ሰው አይሆንም ለማለት ምን አቅም አለው? ለማን ይከሳል? ሞረዱ ከእጀታው ወደ ቃታው ለመድረስ የሚጓዘው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው። በመካከል ላይ የሚያቆመው ግን ሕሊና ብቻ ሳይሆን ሙያዊ ክብርና የሚታወቅ ወሰን ነው። የማይታወቅ ሙያ ወሰን የለውም።

ሌላም አደጋ አለ፤ ይህኛው ከወንጀል ጋር ግንኙነት የለውም። በቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ሽጉጡን ሞርሳ ላይ ከማሰሩ በፊት የጥይት ካዝናውን ያወጣል፤ ባዶ ሆነ ብሎም ያምናል። ካዝና ቢወጣም በአፈሙዙ ውስጥ አንዲት ጥይት ልትቀር እንደምትችል ያላስተማረው ሰው አያውቅም። ጠረጴዛው ያለው ልጆች በሚተኙበት ክፍል ነው። ሚስት ቡና የምታፈላው ከዚያው አጠገብ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ጥይት ቢባርቅ ስሙ ከሰይጣን አጋጣሚ አያልፍም፤ የተደበቀ ሥራ ስለነበር ምክንያቱም ተደብቆ ይቀራል። ከሌላው ሰው ስሕተት የሚማር አይኖርም።

▪️ «አሁን ጊዜው ነው ወይ?»

የመጀመሪያው ተቃውሞ ይህ ነው፤ ከባድ ተቃውሞም ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ውጊያ አለ። ምሥራቅ ጎጃም ከዚህ ውጭ አይደለም። መንገድ በሚዘጋበት፣ ትምህርት ቤት በሚቋረጥበት፣ ሰው ከገበያ በሰላም መመለሱን በሚጠራጠርበት ጊዜ ስለ ሽጉጥ እጀታ ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ከዚያም አልፎ፣ ባለሙያ ይመዝገብ የሚለው ሐሳብ በአንዱ ወገን ታጣቂን ማገልገል፣ በሌላው ወገን ስለላ ተደርጎ ሊታይ ይችላል።

ሁለቱም ስጋቶች እውነት አላቸው። ነገር ግን ሌላውን ጎን መመልከት ያስፈልጋል። ውጊያ ባለበት ዘመን መሣሪያ ይበዛል እንጂ አይቀንስም። ውጊያ ሲያልቅ ደግሞ መሣሪያው እቤት ይቀራል። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ሲወጣ መሣሪያው አብሮ አልወጣም። በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት የሞጣ፣ የቢቸናና የዳሞት ገበሬ ሲነሣ የቤቱን ጠመንጃ ይዞ ነው የተነሣው። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ የተበተነው ሠራዊት ክላሽ በየገበያው ተሸጧል። እያንዳንዱ ዘመን የራሱን መሣሪያ ለቀጣዩ አውርሷል። የወረሰውን የሚጠግን፣ የሚያሰናዳ፣ የሚቀያይር እጅም አብሮ ወርዷል። ሰላም በሚመጣ ማግስት መሣሪያ ሊቆጠር ነው ከተባለ፣ የአካባቢውን መሣሪያ ከማንም በላይ የሚያውቀው ያ እጅ ነው። ያን ጊዜ ከጎን የሚቆም ባለሙያ እንዲኖር ዛሬ በጠላትነት መፈረጅ የለበትም።

ሕጉ በሰላም ቀን እንጂ በውጊያ ቀን እንደማይተገበር ግልጽ ነው። ዝግጅቱ ግን መጀመር ያለበት አስቀድሞ ነው። ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሌላ በኩል ይመጣል። የገዛ ንብረቴን እጀታ ለማሻከር ፈቃድ መጠየቅ ምን የሚሉት ነው? ገበሬ የማረሻውን እርፍ ሲጠርብ ወረዳ አይሄድም። ይህ ሰው ያልተረዳው አንድ ነገር አለ፤ እርፍ ቢሰበር የሚቆመው እርሻው ነው። የተበላሸ ሽጉጥ ግን የሚጎዳው ባለቤቱን ብቻ አይደለም። መለያ ቁጥሩ የጠፋ ሽጉጥ ከተሰረቀም ለባለቤቱ አይመለስም፤ ከወንጀል ጋር ከተገኘም ባለቤቱን ነጻ የሚያወጣ ማስረጃ የለውም። ፈቃዱ የሚያስፈልገው ለእጀታው ውበት ሳይሆን ለቁጥሩ ደኅንነት ነው።

▪️ ሌላው ዓለም ምን አደረገ?

በእንግሊዝ ሀገር በርሚንግሃም ከተማ እ.ኤ.አ. በ1813 በፓርላማ ሕግ የተቋቋመ የጠመንጃ መፈተሻ ቤት አለ። እዚያ አፈሙዝ ይፈተሻል፤ ያለፈው ማኅተም ይመታበታል። ለመቋቋሙ የገፉት የከተማዋ ጠመንጃ ሠሪዎች ራሳቸው ነበሩ፤ ምክንያቱም የአንድ ደካማ ሠሪ ፍንዳታ የሁሉንም ስም ያጠፋል። በኦስትሪያ ፌርላህ የምትባል ትንሽ ከተማ ሰደፍ መጥረብን፣ እጀታ ማሻከርንና ብረት ላይ መቅረጽን በትምህርት ቤት ታስተምራለች። ባለሙያው በስሙ ይታወቃል፤ የሠራውም ሥራ በስሙ ይጠራል።

ይህ የሀብታም ሀገር ታሪክ ነው የሚል ካለ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ይመልከት። በጋና ቀጥቃጮች ለረጅም ዘመን ጠመንጃ ሲሠሩ የኖሩት በሥውር ነው። ክልከላው ሥራውን አላስቆመውም፤ ቦታውን ብቻ ከገበያ ወደ ጓሮ ቀየረው። የምዕራብ አፍሪካ ሀገሮች እ.ኤ.አ. በ2006 አቡጃ ላይ በተፈራረሙት የቀላል መሣሪያዎች ስምምነት የአካባቢ ሠሪዎችን የመመዝገብና የመቆጣጠር ግዴታ አስገብተዋል። ኢትዮጵያም በምሥራቅ አፍሪካ በኩል እ.ኤ.አ. በ2004 የተፈረመው የናይሮቢ ፕሮቶኮል አባል ናት፤ መሣሪያ ላይ መለያ የማኖር ጉዳይ በዚያ ፕሮቶኮል ውስጥ አለ። መለያ ማኖር ግን መለያውን ሊያጠፋ የሚችለውን ሞረድ ሳያውቁ ግማሽ ሥራ ነው።

▪️ ታዲያ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ሥራው ይለይ። ሰደፍ፣ ማንገቻ፣ ተፈትቶ የሚወጣ እጀታ በአንድ ወገን ይሁን። ቃታ፣ መርፌ፣ አፈሙዝ፣ የመለያ ቁጥር ያለበት ማንኛውም ክፍል በሌላ ወገን ይሁን። የመጀመሪያው በቀላል ፈቃድ በወረዳ ደረጃ ይፈቀድ። ሁለተኛው ለጥቂቶች፣ በብርቱ ቁጥጥር ብቻ ይፈቀድ፤ ቁጥር ማጥፋትና ሽጉጥ መለወጥ ደግሞ እንደ ዛሬው ወንጀል ሆኖ ይቀጥል። ፍሬሙና እጀታው አንድ የሆነ ሽጉጥ ከሁለተኛው ወገን መመደብ አለበት፤ በእርሱ ላይ ጭረቱ የሚያርፈው በሽጉጡ አካል ላይ ነውና።

ሁለተኛ፣ ባለሙያው መዝገብ ይኑረው። የመጣለትን መሣሪያ ቁጥር፣ የባለቤቱን ፈቃድና የሠራውን ሥራ የሚጽፍበት አንድ ደብተር በቂ ነው። የራሱ ምልክት ይኑረው፤ ሥራው ላይ ያሳርፍ። ፈቃድ ሳያሳይ ሥራልኝ ለሚለው ሰው እምቢ ማለት የሚችለው እንዲህ ያለ ደብተር ሲኖረው ነው። ደብተሩ ባለሙያውን ማሰሪያ ሳይሆን መከላከያው እንዲሆን ደግሞ መንግሥት በደብተሩ ተጠቅሞ ሰው ማሳደድ የለበትም። ይህ እምነት አንዴ ከተሰበረ ማንም ተመልሶ አይጽፍም።

ሦስተኛ፣ ትምህርቱ ይምጣ። በየከተማው ያሉ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ብረታ ብረትና እንጨት ሥራ ያስተምራሉ። መሣሪያን ባዶ ማድረግ፣ ቁጥር ያለበትን ክፍል አለመንካት፣ ሥራውን ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ መሥራት፤ ይህን ማስተማር ብዙ ጊዜ አይወስድም። የሚያድነው ነፍስ ግን ተቆጥሮ አያልቅም።

አራተኛው የመንግሥት ሥራ አይደለም። ሽጉጥ የያዘው ሰው ራሱ ሊያስብበት የሚገባ ነው። ያሻከሩት እጀታ መዳፍን አጥብቆ ይይዛል፤ ቁጣን ግን አይዝም። ለእጀታው ውበት ገንዘቡንና ሰዓቱን የሚያወጣ ሰው ለሽጉጡ ማስቀመጫ የሚቆለፍ ሣጥን ካላሠራ፣ ከጌጡ የሚበልጠውን ረስቷል። የእንጨት ሣጥን የሚሠራውም ያው አናጢ ነው።

ጎጃም ለመሣሪያ የሚሰጠው ክብር ከታሪኩ የመጣ ነው፤ በአንድ አዋጅ አይሻርም። ሊደረግ የሚችለው ከዚያ ክብር ላይ ትንሽ ቆንጥሮ ለባለ እጁ መስጠት ነው። ስሙ የተከበረ ሰው ስሙን የሚያጠፋ ሥራ ሲመጣበት የሚያጣው ነገር አለው፤ ስም የሌለው ሰው ግን ምን ያጣል? የባዚል ግራና የማንሊከር ስም በጎጃም ገደሎች ሲያስተጋባ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ባለ እጅ አይሰደብ የሚለው አዋጅም ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። የአካባቢው ሞራጅ ስም በወረዳ ደብተር ላይ የሚጻፍበት ቀን ይህን ያህል መዘግየት አልነበረበትም።